ጋጋሪውና የጨው ሊጥ እጆች

በዚያ ሰፈር ጋጋሪውን የማያውቅ የለም። ድምፁን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ዳቦ ቤቷ መታጠፊያው ላይ ናት፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከኋላ አንድ ትልቅ ምድጃ። መስኮቱ ላይ ቆማ የምትሸጠው ሚስቱ ናት። እሱ ከኋላ ዱቄት ለብሶ፣ ረጅም እጀታ ያለውን የእንጨት አካፋ ይዞ ከምድጃው ጋር ሲተያይ ይውላል። ደንበኛ «እንደምን አደርክ?» ካለው አካፋውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። «ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ ወይ?» ማለቱ ነው። ሰው ለምዶታል።

«ለጋብቻ ሲጠይቀኝ እንኳ የጠየቅኩት እኔ ነኝ» ትላለች ሚስቱ። ደንበኞቹ ይስቃሉ። እሱም ከኋላ ሆኖ ይስቃል፤ ሳቁ ትከሻው ላይ ብቻ ነው የሚታየው።

ዲዳ አይደለም። ኮልታፋም አይደለም። ቃሉ ሆዱ ውስጥ ይቦካል፣ ኩፍ ይላል፣ አፉ ጋ ሲደርስ ግን ሰው አየኝ ብሎ ይመለሳል። ትምህርቱም ብዙ አልተገፋም። የራሱን ስም ይጽፋል፣ ቀስ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ። የሌላ ሰው ስም ጻፍ ሲባል ድንገት ሌላ ሥራ ይበዛበታል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ይወዳል። የዱቄት ሰው ስለሆነ ነቀዝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አንድ ልማድ ግን አለው፤ ያለ እሱ ይሄ ሁሉ ነገር ባልመጣ ነበር። በእረፍት ቀን የሰፈሩ ሰው ቤቱ ያቦካውን ሊጥ በየዕቃው ይዞ ይመጣል፤ ምድጃው ሰፊ ስለሆነ እሱ ይጋግርላቸዋል። ሊጥ ደግሞ ሊጥ ነው፤ ምድጃ ከገባ በኋላ ያቦካችውም አትለየውም። ስለዚህ ጋጋሪው እያንዳንዱ ላይ በምላጭ ምልክት ይጭራል። ለልብስ ሰፊው አጫጭር ጭረት፣ እንደ ስፌት። ጡረታ ለወጣው ሾፌር ክብ፣ እንደ መሪ። ባሏን ለፈታችው ነርስ መሃል ለመሃል የሚሰነጥቅ አንድ መስመር። ለማን ምን እንደሰጠ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የነርሷንማ ባይናገረው ይሻላል። ዳቦ ግን ለሰው አሳስቶ አያውቅም።

አንዲት ልጅ አለችው፣ መዋዕለ ሕፃናት የገባች። «ቅርፊቴ» ነው የሚላት፤ ከዳቦ ሁሉ የሚወደው ቅርፊቱን ነውና። ከእሷ ጋር ያወራል። ስለ እሳት፣ ስለ እርሾ፣ ዱቄት ጆንያው ላይ ስለምትተኛው ድመት ሳይቀር ያወራል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሳት መንገዱን ሙሉ አፋቸው አይገጥምም። በሩ ጋ ሲደርሱ የእሱ ይገጥማል። መምህርቷ «እንደምን አደሩ ጋሼ?» ስትለው ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል።

አንድ ቀን ቅርፊቴ ጉንጯ ተቧጥጦ መጣች።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለች እናቷ።

«ነካሿ።»

«ነካሽ ከሆነች ለምን ቧጠጠችሽ?»

«መጀመሪያ እኔ ስለነከስኳት።»

ነገሩ ሲጣራ ልጆቹ «አባትሽ ዲዳ ነው» ብለዋታል። «ይናገራል» ብላለች። «ሰምተነው አናውቅም» ብለዋል። «ቤት ነው የሚናገረው» ስትል፣ ነካሿ የሚሏት ልጅ «የኛ ድመትም ቤት ትናገራለች» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በጥርስና በጥፍር ሆነ።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን መምህርቷ ለወላጆች ቀን አንድ ነገር አስባለች። ልጆቹ የእጃቸውን ምስል በጨው ሊጥ ላይ ያትሙና ሊጡ ደርቆ ለየወላጁ ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ ምድጃ የለውም። ምድጃ ያለው ማነው? የቅርፊቴ አባት። ሚስቱ «ደስ ይለዋል!» ብላ እሺታውን በእሱ ፈንታ ሰጥታለች።

«አባዬ፣ ሁሉም ይመጣሉ አይደል?» አለች ቅርፊቴ።

ራሱን ነቀነቀ።

«በሁሉም ፊት ትናገራለህ?»

ነቀነቀ።

«አትነቅንቅ። በአፍህ።»

«እናገራለሁ።»

«ለእኔ አይደለም። ለእነሱ።»

«እኔ አለሁልሽ» አለች እናቷ፣ «ለሁለታችንም እናገርልሻለሁ።»

«አንቺ አትቆጠሪም። አንቺን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሁሉም ሰምቶሻል።»

ጋጋሪው በየቀኑ ምድጃው ፊት ቆሞ ተለማመደ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ የቅርፊቴ አባት ነኝ። ዳቦ እጋግራለሁ።» ምድጃው በጥሞና አዳመጠው። አንድም ቀን አልተደናቀፈም።

ቀኑ ደረሰ። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ምድጃው ረገብ ሲል ልጆቹ አንድ ረጅም ገመድ እየተከታተሉ ይዘው ገቡ፤ ከፊት ገመዱን የምትስበው መምህርቷ ናት። ዳቦ ቤቷ ጢም አለች። ጋጋሪው ሽርጡን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቅርፊቴ ወደ ነካሿ ዞራ «አሁን ስሚ» አለቻት።

«እ...» አለ ጋጋሪው።

ሁሉም ጠበቁ።

«እ...» አለ ደግሞ። ከዚያ ዞሮ የዱቄቱን ጆንያ መፍታት ጀመረ።

«‹እ› ማለት መናገር ነው?» ብሎ ጠየቀ አንዱ ልጅ። ይሄ ልጅ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረ ነው።

«አይደለም» አለች ነካሿ። ፍርዱ ተሰጠ፤ ይግባኝ የለውም።

መምህርቷ አልሰማችም፤ ስለ ሊጡ ማስረዳት ጀምራለች። «ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ጨው፣ ከዚያ ውሃ። እርሾ የለውም።»

ጋጋሪው ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ ከመስኮቱ አፈፍ አለች። «አንድ እጅ ጨው? ቲቸርዬ፣ ማን ሊበላው ነው?»

«አይበላም እኮ።»

«ታዲያ ለምን ይጋገራል?»

«ለማስታወሻ ነው። የእጃቸው ምስል ይቀመጥበታል።»

«የኛዋ የእጇ ምስል ሶፋው ላይ በዘይት አለ» አለች ሚስቱ፣ «ይበቃን ነበር።»

ጋጋሪው ጨውን ቆንጠር እያደረገ፣ ቆንጠር ያደረገውንም ግማሹን እየመለሰ የኖረ ሰው ነው። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል» ሲባል ሰምቷል። አሁን ግን ጨው ሊጡን ራሱን ድንጋይ እንዲያደርገው ተፈልጓል። ጨውን አፈሰሰው፣ ውሃውን ጨመረ፣ ማሸት ጀመረ። ሊጡ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ጨው በጣቶቹ ስንጥቅ እየገባ ያንገበግበዋል። ደጋግሞ አሸቶ ሲተወው ሊጡ ኩፍ አላለም፤ እንዳኮረፈ ሰው ጋደም አለ።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቂጣ የሚያህል ሊጥ እየጠፈጠፈ ትሪ ላይ ደረደረላቸው፤ ተራ በተራ እየመጡ ተጫኑ። አንዱ ሊጡን በላ፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ ትንሽ አሰበና ደግሞ በላ። እሱን አይተው ሌሎችም በሉ። አንዷ አስነጠሰችበት። አንዱ በክርኑ ተጫነና «እጄ እስከዚህ ነው» ብሎ ተከራከረ። ጠያቂው «ጨው ከየት ይመጣል? ባሕሩ ካለቀስ?» አለ። ነካሿ እንደ ስሟ አደረገች፤ የፊት ጥርሶቿ በሙሉ ታተሙ። በበሩ አጠገብ ቆማ የነበረች አንዲት ልጅም ተራዋ ሲደርስ መጣች፣ ነካ አድርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የመጨረሻዋ ቅርፊቴ ናት። አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። ሊጡን በሁለት እግሯ እንደቆመች በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው፤ መዳፏ ትሪውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

ከዚያ የበሉት ሁሉ ውሃ ጠማቸው። መምህርቷ አንድ ቀጭን ስንጥር እንጨት ለጋጋሪው ሰጠችው። «ጋሼ፣ እኔ ጓሮ ቧንቧው ጋ እጃቸውን ላስታጥባቸው። እርስዎ ሳይደርቅ ከኋላው ስማቸውን ይጻፉልኝ፤ ስማቸው ደረታቸው ላይ ተለጥፏል።»

«እሺ» አለ ጋጋሪው። ጥርት ያለ እሺ ነበር። ልጆቹ አልሰሙትም፤ ቧንቧው ጋ እየተራጩ ነበር።

በጓሮው በር አንገቱን አውጥቶ የአንዱን ልጅ ደረት አየ። ወረቀቱ ርሷል፤ ፊደሉ ወደ ሆዱ እየወረደ ነው። ተመልሶ የታየውን ያህል ሞከረ። የመጀመሪያው ፊደል የሸረሪት እግር ሆነ። በርጥብ አውራ ጣቱ አጠፋው። ሁለተኛው ሙከራ የሊጡን ጠርዝ ቀደደው፤ ጠገነው። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል የመምህርቷ ድምፅ «ጨረሱ ጋሼ?» አለ። ጋጋሪው ስንጥሩን ምድጃው ውስጥ ጣለና ምላጩን አወጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጣን ሆነ። ስማቸውን አያውቅም፤ ምን እንዳደረጉ ግን አይቷል። በየጀርባው ጫር ጫር፣ ጫር ጫር። መምህርቷ ስትመለስ ትሪውን ወደ ምድጃው አስጠግቶ ጨርሷል። «እግዜር ይስጥልኝ!» አለችው። ነቀነቀ። ልጆቹ ገመዳቸውን ይዘው ወጡ። ቅርፊቴ ገመዱን በሁለት እጇ ስለያዘች ለአባቷ የምታወዛውዘው እጅ አልተረፋትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅርፊቴ አባቷን ማናገር ተወች። ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከፊት ከፊቱ ትሄዳለች። ስለ ድመቷ ቢነሳም አትመልስም። ቤቱ ውስጥ ዝምተኞቹ ሁለት ሆኑ፤ ሚስቱም የሦስት ሰው ታወራ ጀመር። «በራሴ ድምፅ ታከትኩ እኮ» አለች አንድ ቀን። ሰውየው የከፋ ነገር መምጣቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

የሊጡን እጆች ግን በሚገባ ጋገራቸው። በየቀኑ የመጨረሻው ዳቦ ከወጣ በኋላ፣ የምድጃውን በር ገርበብ አድርጎ ለዘብ ባለ ሙቀት አደረቃቸው። ዳቦ መድረሱን ለማወቅ እንደሚያደርገው ከታች በኩል በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረጋቸው። ዳቦ ሲደርስ እንደ ከበሮ ይላል። እነዚህ እንደ ሳህን አሉ። ደርሰዋል ማለት ነው። በጨርቅ ጠቀለላቸውና በወላጆች ቀን ራሱ ተሸክሞ ወሰዳቸው፤ እንዳይሰበሩ ማንንም አላመነም።

ክፍሉ በወላጅ ሞልቷል። ወንበሮቹ የልጆቹ ናቸው። ጋጋሪው ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ውስጥ ገባ፤ ተቀመጠ ለማለት ይከብዳል፤ ጉልበቶቹ ጆሮው ጋ ደረሱ። ሐሳቡ መምህርቷ እጆቹን አድላ ስትጨርስ ቀድሞ መውጣት ነው።

መምህርቷ ጨርቁን ገለጠች። «እናቶች፣ አባቶች፣ እነሆ የልጆቻችሁ እጅ!» ተጨበጨበ። የመጀመሪያውን አንስታ ስሙን ልታነብ ገለበጠችው። ወደ ዓይኗ አቀረበችው። አዙራ በታች በኩል አየችው። ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች።

«ጋሼ... ይሄ የማን ነው?»

ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ጋጋሪው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ቃል ሳይወጣት ዘጋችው። «ምልክትህን እኔ መች አውቀዋለሁ?» አለች በሹክሹክታ። «ተነሣ!» በክርኗ ጎሸመችው።

ተነሣ። ወንበሯም አብራው ተነሣች። አንድ አባት ከኋላ ሆኖ አላቀቀለት። ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ ቅርፊቴን አያት፤ ከልጆቹ መሃል ተቀምጣ ጫማዋን ትመለከታለች። ነካሿ ትክክል መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ትጠብቃለች።

የመጀመሪያውን እጅ አነሳ። ጀርባው ላይ የተከፈተ አፍ አለ።

«ይሄ...» አለ። ድምፁ ቅባት እንዳጣ በር ሲጢጥ አለ። «ይሄ... ሊጥ የበላው ነው።»

ጥሩ አድርጋ የለበሰች አንዲት እናት «የኔ ልጅ ሊጥ አይበላም» አለች፤ ማንም የልጇን ስም አልጠራም ነበር። በዚያው ቅጽበት ከልጆቹ መሃል «እኔ ነኝ!» «እኔም በልቻለሁ!» «እኔ ሁለቴ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«መጀመሪያ የበላው» አለ ጋጋሪው።

የእናትየው ልጅ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ይሄ ያስነጠሰችው» አለ ጋጋሪው። ጀርባው ላይ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። «ይሄ በክርኑ የተጫነው። ይሄኛው ያለቀሰው።»

«አላለቀስኩም!»

«ከቧንቧው በፊት» አለ ጋጋሪው። ልጁ ትንሽ አስታወሰና መጥቶ ወሰደ።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ወላጆቹ እየሳቁ፣ አንዳንዱም እየተቆጣ፣ ልጆቻቸው ያለ እነሱ ምን እንደሚመስሉ ሰሙ። የጠያቂው ልጅ እጅ ላይ ያለው መስመር ዞሮ ዞሮ ከጠርዙ ይወድቃል። «ለምን እዚህ አላለቀም?» አለ ልጁ። «ያንተ መች ያልቃል?» አለው ጋጋሪው። የልጁ አባት ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ይሄ የነካሿ ነው።» ምልክት አላስፈለገውም፤ ጥርሶቿ አሉ።

«ልጄ ነካሽ አይደለችም!» አለች እናት።

«ነኝ እንጂ» አለች ነካሿ፤ መጥታም እጇን ተቀበለች። ስትመለስ ቅርፊቴ አጠገብ ተቀመጠች።

ጋጋሪው እየተናገረ መሆኑን እንኳ አላስተዋለም ነበር። ያስተዋለው ትሪው ላይ ሁለት ሲቀሩ ነው። ሁለቱም ጀርባቸው ባዶ ነው።

አንዱ የማን እንደሆነ ያውቃል። መዳፉ ከሥር ሊቀደድ ደርሷል። የቅርፊቴ ነው፤ የሷን ሆን ብሎ ነው የተወው፤ የራሱን ልጅ በምን ሊስት? ሌላው ግን ምስሉ ያለ አይመስልም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ሲያየው አምስት ቀጭን ጣቶች እንደ ጥላ ታዩ። ሊጡን ላለማስቸገር የነካ እጅ ነው። ያን ጊዜ በበሩ አጠገብ ቆማ የነበረችውን ልጅ አስታወሰ። ምንም ስላላደረገች ምንም አልሰጣትም። ረስቷታል። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገ፤ እሱ፣ ዕድሜውን በሙሉ በበር አጠገብ የቆመው ሰውዬ።

ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ናት። ጋጋሪው ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«ስምሽ ማነው?»

ልጅቷ መሬት አየች። «ተናገሪ እንጂ!» «አይዞሽ፣ በይ!» ይሉ ጀመር ሰዎቹ። ጋጋሪው እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው፤ እንዲህ ሲሉት ቃል እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመለስ ያውቃል። ጠበቀ። መጠበቅ ያውቅበታል፤ እንጀራው ነው። ቆይታ ጠጋ አለችና ጆሮው ላይ ነገረችው።

«ምን አለች?» አለ ከኋላ አንድ አባት።

ጋጋሪው ተነሥቶ ስሟን ተናገረ። ጮኸ ማለት ይቀላል። ሚስቱ ቦርሳዋን ጣለች። ልጅቷ ስሟ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን አሁን የሰማች ይመስል ቀና አለች።

«ረስቼሽ ነው፣ አትቀየሚኝ» አላት ዝቅ ብሎ። «ይሄ ያንቺ ነው። እንዳያመው ብለሽ ነው ቀስ ያልሽው?»

ነቀነቀች። አትነቅንቂ፣ በአፍሽ ሊላት አሰበና ተወው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቅርፊቴ የሊጥ እጇን በሁለት እጇ አቅፋ ከአባቷ ጎን ተራመደች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ገለበጠችው።

«የኔ ለምን ምልክት የለውም?»

ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ጋጋሪው ደስታውን ውጦ መለሰ፤ «አንቺን ያለ ምልክትም ስለማውቅሽ።»

«የሷስ?»

«የሷን ረስቼው።»

ቅርፊቴ ጀርባውን መረመረች። «ግን እኮ ሁለቱ አንድ ነው የሚመስለው» አለች።

ጋጋሪው እርምጃውን አፈጠነ። ዳቦ ቤት ሲደርሱ ምላጩን አውጥቶ ሊጭርላት ሞከረ፤ ሊጡ በደንብ ደርቋል፣ ጨው ሥራውን ሠርቷል። ምላጩ ዶለዶመ።

«እንግዲህ በአፍህ ነው» አለች ቅርፊቴ።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገና «ደህና ዋይ፣ ቅርፊቴ» አለ። ሊመለስ ሲዞር ጠያቂው ልጅ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ለምን ቅርፊት?»

ዳቦ ቤት የመጣው ደንበኛ መስኮቱን ከብቦ ይጠብቃል። ምድጃው በርዷል። «ሰውዬሽ የት ቀረ?» አሏት ሚስቱን።

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወሬ ይዞ ነው» አለች።

ደንበኞቹ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው።